ጠላት የሌለበት ጀግንነት

እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 1866 ጥይትና ባሩድ የጫነ ባቡር ከኩቤክ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኪንግስተን እያመራ ዳንቪል የምትባል ትንሽ ጣቢያ ደረሰ። ካናዳ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥር ነበረች። ከሳምንት በፊት ፌኒያን የሚባሉ የአየርላንድ ታጣቂዎች ከአሜሪካ ድንበር ተሻግረው ሪጅዌይ ላይ ስለተዋጉ የጦር መሣሪያ በጥድፊያ ወደ ጠረፍ ይጓዝ ነበር። ጭነቱን የሚጠብቁት አንድ ሃምሳ አለቃና ጥቂት የራይፍል ብርጌድ ወታደሮች ናቸው። ከመካከላቸው ቲሞቲ ኦሄ የተባለው ተራ ወታደር ራሱ አየርላንዳዊ ነው። ዳንቪል ላይ ግን ፌኒያን የለም፣ ተኩስም የለም። የነበረው ከጥይት ፉርጎው የሚወጣ ጭስ ነው።

ሃምሳ አለቃው ማድረግ የሚገባውን አደረገ። ፉርጎው ከባቡሩ እንዲፈታ አዘዘና ቀጥሎ ምን እንደሚበጅ ከጣቢያው ሰዎች ጋር መመካከር ጀመረ። ምክክሩ ሳያልቅ ኦሄ ቁልፉን ከአለቃው እጅ ነጠቀና ወደሚነደው ፉርጎ ሮጠ። በሩን ከፈተ፣ ጥይቱ ላይ የተሸፈነውን ቀደደና ጣለ፣ ከዚያ “ውሃና መሰላል አምጡ” ብሎ ጮኸ። እሳቱ ጠፋ፣ ፉርጎውም አልፈነዳም።

ይህ ድርጊት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለመረዳት ስለ እሳትና ስለ ባሩድ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። በተዘጋ ፉርጎ ውስጥ የተነሣ እሳት አየር ስለሚያንሰው ታፍኖ ይጨሳል። በሩን የከፈተ ሰው ለእሳቱ አየር ይሰጠዋል። ስለዚህ የኦሄ የመጀመሪያ እርምጃ አደጋውን የሚያባብስ እርምጃ ነበር። ሊያጠፋው ከፈለገ ግን ሌላ መንገድ አልነበረውም። በዚያ ላይ ባሩድ የታሸገው በእንጨት መያዣ ነው። እንጨቱ ውጭ ውጭውን እየነደደ ውስጡ ለጊዜው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ከአሁን አሁን ወደ ውስጥ ገባ የሚያሰኝ ምልክት ደግሞ የለውም። የቀረው ጊዜ አንድ ደቂቃ ይሁን ግማሽ ሰዓት ከፉርጎው ውስጥ የቆመ ሰው በምንም አያውቀውም። በጦር ሜዳ ያለ ወታደር ቢያንስ ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ ይሰማል፤ መሬቱን አይቶ ይተኛል፣ ይጠለላል። እዚህ መጠለያ የለም፤ አደጋው የቆመበት ወለል ነው።

በኋላ የተጻፉት ታሪኮች ኦሄን ብቻውን አድርገውታል። ሰው ሁሉ ሸሽቶ እሱ ብቻ ለአንድ ሰዓት ያህል ውሃ ሲያመላልስ፣ በሌሎቹ ፉርጎዎች ውስጥ ደግሞ 800 የሚያህሉ የጀርመን ስደተኞች ተቆልፎባቸው ሲጠብቁ እናነባለን። በ1867 መጀመሪያ በለንደን ጋዜጣ የወጣው፣ ኦሄ ለዚህ ድርጊት የተሸለመበት ማስታወቂያ ግን ከዚህ ቁጥብ ነው። እሳቱ የጠፋው በእሱ አርአያነት ነው ይላል። አርአያ የተከተለው ሰው ካለ ብቻውን አልነበረም ማለት ነው። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ብቻውን እሳት ያጠፋ ሰው ጠንካራ ሰው ነው። ለመሸሽ ያኮበኮቡ ሰዎች ባልዲ ይዘው ወደ ባሩድ እንዲሮጡ ያደረገ ተራ ወታደር ግን ሌላ ነገር ሠርቷል። ማዕረግ የለውም፣ ማዘዝ አይችልም፣ እንዲያውም ቁልፉን ነጥቆ የአለቃውን ሥልጣን ጥሷል።

ልብ በሉ፣ የሸሸ ሰው ቢኖር የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ሊፈነዳ ከሚችል ጭነት መራቅ ጤነኛ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ፉርጎውን ፈትቶ ሰውን ማራቅ የዛሬም የጥንቃቄ መመሪያ የሚያዘው ነው። ወታደር ከጦር ግንባር ቢሸሽ የጦር ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል፤ ጓዶቹም ዓይኑን አያዩትም። ከሚነድ ፉርጎ የሸሸውን ግን ማን ይጠይቀዋል? የሰላም ጊዜ ጀግንነትን ከጦር ሜዳው የሚለየው ዋናው ነገር እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። በጦርነት ወታደሩ ወደፊት የሚሄደው በትእዛዝ፣ በጓድ ፍቅር፣ በኀፍረት፣ አንዳንዴም በፍርሃት ጭምር ተገፍቶ ነው። በሰላም ጊዜ እነዚህ ሁሉ ገፊዎች የሉም። መውጫው ክፍት ነው፤ መውጣቱም ነውር የለውም። ቢሆንም ይገባል።

ሠራዊቶች ይህን ዓይነቱን ሰው የት እንደሚያስቀምጡት ለረጅም ጊዜ ሲቸገሩ ኖረዋል። እንግሊዞች ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ኒሻን በ1856 ሲያቋቁሙ በጠላት ፊት ለተፈጸመ ጀብዱ ብለው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደንቡን አስፍተው ጠላት በሌለበት በአደጋ ጊዜ ለታየ ጀግንነትም እንዲሰጥ ፈቀዱ። ኦሄ በዚህ በር ገባ፤ በካናዳ ምድር በተፈጸመ ድርጊት ይህን ኒሻን ያገኘ እሱ ብቻ ነው። ከእሱ ሌላ በዚያው በር የገቡት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አምስቱም በአንድ ቀን።

የነሱ ታሪክ በሕንድ ውቅያኖስ ትንሹ አንዳማን ደሴት ላይ ሜይ 7 ቀን 1867 የሆነ ነው። የአንድ መርከብ አዛዥና ሰባት መርከበኞች በደሴቲቱ ነዋሪዎች ሳይገደሉ አልቀሩም ተብሎ ፍለጋ የወጡ ወታደሮች ወደ ባሕር ዳርቻው ከወረዱ በኋላ ማዕበሉ መመለሻ አሳጣቸው። አንድ ረዳት ሐኪምና አራት ተራ ወታደሮች በቀዛፊ ጀልባ የሚያፈርጠውን ማዕበል እየሰነጠቁ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው 17 ሰው አወጡ። በደሴቲቱ ላይ ባላንጣ ነበረ፤ ሽልማቱ ግን የተሰጠው ለቀዘፋው ነው። ተፋላሚያቸው ውሃው ነበር።

በ1881 በሩ ተዘጋ። አዲሱ ደንብ ቪክቶሪያ ክሮስ በጠላት ፊት ለታየ ጀግንነት ብቻ እንደሚሰጥ በግልጽ አሰፈረ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ይህን እንግሊዞች ሞኝ ስለሆኑ ያደረጉት ነገር አድርጎ ማየት አይገባም። ጠላት ለጀግንነት መለኪያ ይሆናል። ስንት ነበሩ? ምን ታጥቀው ነበር? ስንቱን ጣለ? ኮረብታው ተያዘ ወይስ አልተያዘም? በእኛም አገር ፉከራው የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ፎካሪው ማንን እንደገደለ፣ የት ላይ እንደጣለው፣ ምን እንደማረከ ይዘረዝራል። እሳት ያጠፋ ሰው ምን ብሎ ይፎክር? የሠራው ነገር ውጤት ምንም አለመሆኑ ነው። ፉርጎው አልፈነዳም፣ ከተማው አልተቃጠለም፣ የሞተም የለም። ያልሆነን ነገር መቁጠር ለሚኒስቴር ጸሐፊም ለአዝማሪም ይከብዳል።

ክፍተቱን ለመሙላት ሌሎች ሽልማቶች መጡ። በእንግሊዝ አልበርት ሜዳሊያ ነበረ፤ በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ጆርጅ ክሮስን ከቪክቶሪያ ክሮስ እኩል አድርገው አቋቋሙ። በአሜሪካ ደግሞ የምክር ቤቱ ሕግ በ1926 ሶልጀርስ ሜዳል የሚባለውን የወታደር ሜዳሊያ ፈጠረ። የዚህኛው ደንብ ለትንታኔያችን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሦስት ነገሮችን በጥንቃቄ ለይቶ አስቀምጧል። አንደኛ፣ ድርጊቱ ከታጠቀ ጠላት ጋር በሚደረግ ግጭት ውስጥ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ግለሰቡ ሕይወቱን በፈቃዱ ለአደጋ ያጋለጠ መሆን አለበት። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ ሕይወት ማዳን ብቻውን ለዚህ ሽልማት አያበቃም።

ሦስተኛው ነጥብ በመጀመሪያ ሲሰማ ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ጎበዝ ሐኪም በሰላማዊ ክፍል ውስጥ በቀን ሦስት ሰው ያድናል፤ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ራሱን ግን አላጋለጠም። በተቃራኒው ወደሚነድ ቤት ገብቶ ማንንም ሳያወጣ የተመለሰ፣ ወይም ሳይመለስ የቀረ አለ። ደንቡ የሚመዝነው የተገኘውን ሳይሆን ሰውየው ሊከፍል የተዘጋጀውን ነው። “በፈቃዱ” የሚለውም እንደዚሁ ቀላል አይደለም። ፈንጂ አምካኝ የሆነ ወታደር በየቀኑ ፈንጂ ላይ ይጎነበሳል፤ ያ ሥራው ነው፣ ለዚያም ሠልጥኗል፣ መሣሪያም አለው። ከዚያ ሥራ ውስጥ የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ከግዴታ በላይ እንደሆነ ለመለየት ኮሚቴ ተቀምጦ ምስክር ይሰማል። አንዳንዴ ተሳስቶ ይነፍጋል፣ አንዳንዴ ያለ ልክ ይሰጣል። የሽልማት ታሪክ በማንኛውም አገር ሠራዊት ንጹሕ አይደለም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ማርች 28 ቀን 2012 በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ በአሙር ክልል ቤሎጎርስክ አጠገብ ምልምሎች የእጅ ቦምብ መወርወር ይለማመዱ ነበር። የመገናኛ ሻለቃ ጦሩ አዛዥ የ31 ዓመቱ ሻለቃ ሰርጌይ ሶልኔችኒኮቭ በቦታው ነበር። አንድ ምልምል የወረወረው ቦምብ ከፊቱ ካለው የመከለያ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ሰው ወዳለበት ተመለሰ። ሻለቃው ምልምሉን ገፍትሮ ቦምቡ ላይ ተኛበት። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሳምንት ሳይሞላ የሩሲያ ፌዴሬሽን ጀግና የሚለው ማዕረግ ተሰጠው።

የእጅ ቦምብ ቀለበቱ ስለተነቀለ ብቻ አይፈነዳም። ማንሻውን የጨበጠ መዳፍ እስካለ ድረስ ዝም ይላል። ከእጅ ሲወጣ ማንሻው ይፈናጠራል፤ የታመቀው ሞላ መምቻውን ይለቀዋል፣ መምቻው ማቀጣጠያውን ይመታል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ መቁጠር ይጀምራል። በሩሲያ ሠራሽ ቦምቦች ላይ በስፋት የሚገጠመው ማቀጣጠያ ከ3.2 እስከ 4.2 ሰከንድ ይሰጣል። ቦምቡ ሄዶ ተጋጭቶ ሲመለስ ከዚህ ላይ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ተበልቷል። የቀረው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ነው።

በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ምን ምርጫ አለ? አንሥቶ መልሶ መወርወር የመጀመሪያው ሐሳብ ነው። ግን ቦምቡ እየተንከባለለ ነው፤ ጎንበስ ብሎ መያዝ፣ ቀና ማለት፣ መወርወር ጊዜ ይፈጃል፤ በአየር ላይ ወይም በእጅ ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ ስብርባሪው ያለ ከልካይ በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ከሁሉ የከፋው ውጤት ያ ነው። “ተኛ!” ብሎ መጮህ ይቻላል፤ ያልሠለጠነ ልጅ ግን ድምፁ ገብቶት እስኪወድቅ ጊዜው ያልፋል። ሦስተኛው ምርጫ ራስን ማዳን ነው። ምን እንደተፈጠረ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው አዛዡ ስለሆነ፣ የመትረፍ ዕድሉም ከሁሉ የተሻለ የእሱ ነው። ቦምብ የሚገድለው በዋናነት በብረት ስብርባሪው ነው። ከላይ የተኛ አካል ወደ ላይና ወደ ጎን የሚወጣውን ያስቀራል፣ የቀረውን መሬቱ ይውጠዋል። ጨካኝ ሒሳብ ነው፤ ግን ትክክል ነው።

ታዲያ ያንን ሒሳብ ሠርቶታል ማለት ነው? አይመስለኝም፤ በሁለት ሰከንድ ማንም አይሠራውም። አንዳንዱ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ነገሩ ድንገተኛ ስሜት እንጂ ጀግንነት አይደለም ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ድንገተኛ ስሜት ብቻ ቢሆን ሰውነት የሚመርጠው ሽሽትን ነው፤ እጅ ከእሳት የሚሸሸው ሳያስብ ነው። ወደ ቦምቡ የወደቀ ሰው ውሳኔውን ቀድሞ ወስኖ ያስቀመጠ ሰው ነው። ምልምል በያዘ አዛዥ ዘንድ ይህ ውሳኔ ከቦምቡ በፊት ለዓመታት በየዕለቱ ተወስኗል፤ መጀመሪያ የሚበሉት እነሱ ናቸው፣ የሚታመም ካለ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ልጆቹ የኔ ናቸው። ሁለቱ ሰከንድ የቆየውን ውሳኔ ገለጡት እንጂ አልፈጠሩትም።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የሞተን ጀግና ማወደስ ለሠራዊቱ ይቀለዋል። ኒሻን ይሰጣል፣ ሐውልት ይቆማል፣ ትምህርት ቤት በስሙ ይሰየማል፤ በዚህ መሃል መከለያው ለምን እንደዚያ ተሠራ፣ ልጁ በባዶ ቦምብ ስንት ጊዜ ተለማምዶ ነበር የሚለው ጥያቄ ከክብሩ ጋር የማይሄድ፣ ነውር የሆነ ጥያቄ ይመስላል። ደህና የቦምብ መለማመጃ ዝቅተኛ ግንብ አለው፤ ቦምብ ከወደቀ አሠልጣኙ ሠልጣኙን ይዞ ከግንቡ ማዶ ይወረወራል፤ ይህም ራሱ በቃል እስኪያዝ ይለመዳል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ጀግና አያስፈልግም። ለአንድ ሠራዊት ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም፤ ነገር ግን ለዚህ ሜዳሊያ የሚሰጠው የለም።

ጠላት አለ ወይስ የለም የሚለው ራሱ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ኦገስት 21 ቀን 2015 ከአምስተርዳም ወደ ፓሪስ በሚሄደው ታሊስ ባቡር ላይ አንድ ታጣቂ ክላሽንኮቭ ይዞ ተነሣ። በእረፍት ጉዞ ላይ የነበሩት ስፔንሰር ስቶን የአሜሪካ አየር ኃይል፣ አሌክ ስካርላቶስ የኦሪገን ብሔራዊ ዘብ ባልደረቦች ናቸው። የደንብ ልብስ አልለበሱም፣ መሣሪያም የላቸውም። ከአንድ ተማሪ ጓደኛቸው ጋር ሆነው ባዶ እጃቸውን ዘለው ያዙት፤ ጠመንጃው ከሽፎበት ነበር። ስቶን በስለት አንገቱን ተቆርጦ፣ አውራ ጣቱ ሊበጠስ ትንሽ ቀርቶት እንኳ የቆሰለ መንገደኛ አንገት ላይ ጣቱን ከትቶ ደሙን ያዘ። ስካርላቶስ በኋላ ሲናገር መጀመሪያ ላይ የነበረው ደመ ነፍስ እንደሆነ፣ ሥልጠናው የመጣው ግብግቡ ካለቀ በኋላ እንደሆነ አልደበቀም። ሥልጠና ወደ አደጋው አያስገባም፤ የገባውን ሰው እጅ ነው የሚያሠራው። ከዚያ ሽልማት ሲመጣ ለስካርላቶስ የወታደር ሜዳሊያ፣ ለስቶን የአየር ኃይሉ አቻ የሆነው የኤርማንስ ሜዳል ተሰጠ፤ ሁለቱም ጠላት በሌለበት ለተፈጸመ ጀግንነት የሚሰጡ ናቸው። ለስቶን ግን ከዚህ ጋር ፐርፕል ሃርት ታከለለት፤ እሱ ደግሞ በጠላት እጅ ወይም በሽብር ጥቃት ለቆሰለ ነው። የአንድ ሰው ደረት ላይ የአንድ ቀን ሁለት ንባብ ተሰቀለ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሂዩ ቶምፕሰን ጉዳይ ነው። ወቅቱ የሰላም አይደለም፤ ማርች 16 ቀን 1968፣ ቬትናም። ቶምፕሰን የቅኝት ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። ማይ ላይ ከተባለው መንደር በላይ ሲያንዣብብ የአሜሪካ ወታደሮች ያልታጠቁ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ሲረሽኑ አየ። ሄሊኮፕተሩን በወገን ወታደሮችና ወደ መሸሸጊያ በገቡ መንደርተኞች መካከል አሳረፈ። አብረውት ለነበሩት ለሎውረንስ ኮልበርንና ለግሌን አንድሪዮታ፣ እነዚህ ወታደሮች በሕዝቡ ላይ ከተኮሱ እናንተም ተኩሱባቸው የሚል ትእዛዝ ሰጠ። ከዚያ ራሱ ሄዶ መንደርተኞቹን አስወጣ፤ ሌሎች ሄሊኮፕተሮች በሬዲዮ ጠርቶም አሳፈራቸው። አንድሪዮታ በሬሳ ከተሞላ ቦይ ውስጥ አንድ ሕፃን በሕይወት አወጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እሱም በውጊያ ተገደለ።

ሠራዊቱ ያኔውኑ ቶምፕሰንን ሸለመው። የበረራ ጀግንነት መስቀል ሰጠውና ምክንያቱን በጽሑፍ አሰፈረ፤ በከባድ የተኩስ ልውውጥ መሃል የተያዘ ሕፃን ስላዳነ ይላል። ያልነበረ ተኩስ ነው። ቶምፕሰን ኒሻኑን ወርውሮ ጣለው። የሽልማቱን ጽሑፍ ያረቀቀው ሰው ከክፋት ብቻ ያደረገው ላይሆን ይችላል፤ ቅጹ ጠላት ስለሚፈልግ ጠላት አስገባለት።

30 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ማርች 6 ቀን 1998፣ በዋሽንግተን የቬትናም መታሰቢያ ግንብ አጠገብ ለሦስቱም የወታደር ሜዳሊያ ተሰጠ፤ ለአንድሪዮታ ከሞተ በኋላ። ቶምፕሰን ሽልማቱ በጓዳ እንዲሆን አልፈለገም፤ ባልደረቦቹ ካልተጨመሩም አልቀበልም ብሎ ነበር። የተመረጠው ሜዳሊያ በማዕረግ ቅደም ተከተል ከትልልቆቹ ተርታ አይደለም። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ሊመርጡ ይችሉ ነበር አልልም። ይህ ሜዳሊያ ከታጠቀ ጠላት ጋር ግጭት በነበረበት ቦታ በሕግ አይሰጥም። እሱን በመስጠታቸው ያን ዕለት ጠዋት ማይ ላይ ውስጥ ጠላት እንዳልነበረ የአሜሪካ ጦር በራሱ ፊርማ ጻፈ።